ጠዋት ፊቱ አብጦ የሚነሳ ልጅ



«ግፊት አለበት» ሲባል ሐሳባችን ወደ ማን ይሄዳል? ወደ አባት፣ ወደ አያት፣ ምናልባትም ሥራ ወደ በዛባቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ስምንት ዓመት የሆነውን ልጅ ግን ማንም አያስበውም። በጉባኤ ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የደም ግፊት ሲለካ ልጆች ዙሪያውን ከበው መሣሪያው ሲነፋ እያዩ ይስቃሉ እንጂ «ና፣ አንተም ክንድህን ስጥ» የሚላቸው የለም። በዚህ እትም የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ልጆች ነው።

አዎን፣ ልጆችም የደም ግፊት ይይዛቸዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ አንድ ሥራ ዕድሜያቸው እስከ 19 ዓመት ከሆኑት መካከል 4 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ነገር ግን የልጅ ግፊት ከአዋቂ ግፊት በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። አዋቂ ሰው ግፊት ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ «መነሻው ይህ ነው» ብሎ በአንድ ነገር ላይ ጣት መቀሰር አይቻልም። በትንሽ ልጅ ላይ ሲገኝ ግን ከጀርባው ሌላ በሽታ ይፈለጋል፤ ከሁሉም በፊት የሚጠረጠረውም ኩላሊት ነው። ስለዚህ የሕፃን ግፊት መለካት ማለት ኩላሊቱን «እንዴት ነህ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ይህንን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በተለይ ያሰብነው በጋሞ ዞን፣ በምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ በብርብርና በዙሪያዋ ያሉትን ቤተሰቦች ነው። በሌላ ቦታ ያላችሁም ብትሆኑ ነገሩ ይመለከታችኋል። ምዕራብ ዓባያ ግን ሐይቁ፣ ቆላው፣ የሙዝ ማሳውና ትንኙ አንድ ላይ ያሉበት አገር ነው። ትንኝ የነከሰው ልጅ ያካል፤ ያከከው ይቆስላል። የቆሰለውን እግር አቧራ ላይ ይጫወትበታል፣ በውኃ ዳር ይሄድበታል። እናት የልጇን እግር አይታ «የልጅ ቁስል ነው፣ ይሽራል» ትላለች፤ ደግሞም ይሽራል። የምንነግራችሁ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ እንበል። የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ የእግር ቁስል ከዳነ ሳምንታት አልፈዋል። አንድ ቀን ጠዋት ፊቱ አብጦ፣ በተለይ የዓይኑ ዙሪያ ተነፋፍቶ ይነሳል። «እንቅልፍ አብዝቶ ነው» ይባላል። ወደ ማታ የፊቱ እብጠት ይጎድልና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ጎረቤት አይታ «ልጅሽ ወፈረልሽ» ብላ ታመሰግናለች። በማግስቱ የሽንቱ ቀለም ይለወጣል፤ የጠቆረ ሻይ ወይም ኮካ ኮላ ይመስላል፣ መጠኑም ያንሳል። አባት «የወፍ በሽታ ይሆናል» ይላል። ከዚያ ራስ ምታትና ትውከት ይከተላል። በዚህ አገር ራሴን አመመኝ ያለ ልጅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነው፤ ይህም ትክክል ነው፣ ወባው መመርመር አለበት። ነገር ግን ምርመራው ወባ የለም ሲል ቤተሰቡ ተመስገን ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወባ ቢገኝ ደግሞ የራስ ምታቱ ምክንያት ተገኘ ተብሎ ሌላው ይረሳል። በሁለቱም መንገድ የልጁን ግፊት የለካ ሰው የለም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ልጁ ወድቆ ይንዘፈዘፋል።

ምን ሆኖ ነው? ቁስሉን ያመረቀዘው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያዘጋጃቸው መከላከያዎች ከባክቴሪያው ቁርጥራጭ ጋር ተጣብቀው በኩላሊት ወንፊት ላይ ይሰፍራሉ። ወንፊቱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደፈናል። ደም ወደ ሽንት ይሾልካል፤ መውጣት የነበረበት ጨውና ውኃ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይቀራል። እብጠቱም ግፊቱም ከዚህ የመጡ ናቸው። ግፊቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ስለሚያሻቅብ አንጎል አይችለውም፤ የሚያንዘፈዝፈውም ይህ ነው። ዓመታት የቆየ ግፊት ያለበት አዋቂ ብዙም ሳይሰማው የሚኖርበት ቁጥር ይህን ልጅ አልጋ ላይ ይጥለዋል።

ቤተሰብን የሚያዘናጋው በመካከል ያለው ጊዜ ነው። በሽታው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከመጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ከቆዳ ቁስል በኋላ ከመጣ ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ቁስሉ ድኖ ጠባሳው ብቻ ሲቀር ፊቱ ያብጣል፤ ሁለቱን ማን ያገናኛቸዋል? ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «ከወር በፊት እግሩ ቆስሎ ነበር»፣ «ከሁለት ሳምንት በፊት ጉሮሮው ታሞ ነበር» ማለትን አትርሱ። ባለሙያውን ወደ ኩላሊት የምትመራው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልጅ ሲንዘፈዘፍ በብዙ ቤት የሚሆነውን እናውቀዋለን። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፣ ሌላው ማንኪያ በጥርሱ መካከል ሊያስገባ ይታገላል። አማኝ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ «ይህ መንፈስ ነው» ይባልና ልጁ ወደ ጸሎት ቤት ይወሰዳል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ያለውን ልጅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያንን ታሪክ ልናሳንሰው አይደለም። ነገር ግን ፊቱ ያበጠ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ራሱን ሲያመው የሰነበተ ልጅ ሲንዘፈዘፍ ስለ መንፈስ ከመፍረድ በፊት ግፊቱ ይለካ። ይህንን በተለይ ለአገልጋዮች በአክብሮት እንናገራለን፦ ልጁን ሲያመጡላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ሐኪም አይቶታል ወይ?» ይሁን። አልታየም ከተባለ ተሽከርካሪ አስፈልጉ፤ መንገድ ላይ ጸልዩ። ከጳውሎስ ጋር የተጓዘው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ በወንጌል ሥራ መካከል ሐኪም መኖሩ ማንንም አላሳፈረም።

የሚንዘፈዘፈውን ልጅ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ውኃ አታጠጡት፤ እጅ እግሩን ይዛችሁ አትታገሉት። ክብሪቱን ተዉት፤ ጭስ ለሚጨነቅ ሳንባ ሌላ ጭንቀት ነው። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን ርዳታ ሰጥቶ ወደ አርባ ምንጭ ሊልካችሁ ይችላል። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን» ብላችሁ አትደሩ።

መልካሙ ዜና ይኸውላችሁ። ይህ የኩላሊት ቁጣ በጊዜ ከታከመ አብዛኞቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ሕክምናው ጨውና ፈሳሽ መቀነስ፣ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒትና የግፊት መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያው ገና በሰውነት ካለ እሱን የሚያጠፋም ይጨመራል። እብጠቱ በቀናት፣ ግፊቱም ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። የሚያሳዝነው ሊድን የሚችል ልጅ በመዘግየት ሲጎዳ ነው። ኩላሊት ፈጽሞ ከደከመ የሚቀረው መንገድ ሩቅና ውድ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከብርብር ተነስቶ ለደም እጥበትና ለንቅለ ተከላ አዲስ አበባ መመላለስ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ሥራ ርካሽ ነው፦ ሳሙናና ውኃ። ቁስልን ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ አጎበር። እከክ የገባበት ቤት አንዱን ልጅ ብቻ አያክም፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መድኃኒቱን ይቀባ፣ ልብስና አንሶላ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ከወንድም ወደ እህት እየዞረ ይከርማል። ጉሮሮው የታመመ ልጅ ደግሞ እንጥሉ አይቆረጥ። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ አዲስ ቁስል ይፈጥራል፣ ባክቴሪያውን ግን አይነካውም። ያው የጉሮሮ ባክቴሪያ ልብንም የሚያበላሽ ነው፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ከዚያ ጉዳት ይጠብቃል። ኩላሊትን ግን ሁልጊዜ ላያድን ስለሚችል፣ መድኃኒቱን የጨረሰ ልጅም ቢሆን ፊቱ ካበጠ ይታይ።

ስለ መለኪያው ጥቂት እንበል፤ ብዙ ስሕተት ያለበት ቦታ ነውና። በክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ ባለሙያዎች ካፍ የሚሉት፣ በልጁ ክንድ ልክ መሆን አለበት። በቀጭን ክንድ ላይ የአዋቂው ሰፊ ካፍ ከታሰረ መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ ግፊት ያለበት ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። የጠበበ ካፍ ደግሞ ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስለዋል። ስለዚህ «የልጅ ካፍ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በጉባኤ ቀን የጤና ምርመራ የምታዘጋጁ የቤተ ክርስቲያን ጤና ባለሙያዎችም አንድ የልጅ ካፍ ብትጨምሩ ያ ጠረጴዛ ለልጆቹም ይሆናል።

ሁለተኛው ስሕተት ቁጥሩን በአዋቂ ሚዛን ማንበብ ነው። ለአባትየው «በጣም ጥሩ» የሚባልለት 118 በ78 ለአምስት ዓመት ልጁ ከፍተኛ ነው። ከ13 ዓመት በታች ላሉት ባለሙያው ዕድሜን፣ ጾታንና ቁመትን አይቶ ከሠንጠረዥ ያነጻጽራል። ከ13 ዓመት ጀምሮ ግን አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ መሠረት ከ120 በ80 በታች ጤናማ፣ 130 በ80ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ልጁ ሮጦ መጥቶ ወይም መርፌ ፈርቶ እያለቀሰ ከተለካ ቁጥሩ አይታመንም፤ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። ሕመም የማይታይበት ልጅ አንድ ጊዜ ከፍ ስላለ ብቻ በሽተኛ አይባልም፣ በተለያዩ ሦስት ቀናት ይለካል። ያበጠ፣ ራሱን የሚያመው ወይም የሚያስመልሰው ልጅ ግን ሦስተኛውን ቀን አይጠብቅም።

ሌላም አለ፣ ባይበዛም። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር በአንድ ቦታ ጠብቦ የሚወለዱ ልጆች አሉ። የክንዳቸው ግፊት ከፍ ብሎ የእግራቸው ዝቅ ይላል፤ በብሽሽታቸው ላይ ያለው የደም ሥር ምት ይደክማል። ባለሙያው ብሽሽቱን ቢዳስስ አትገረሙ። እንዲህ ያለው ልጅ የልብ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ሕሙማን ማዕከል የተቋቋመው ልባቸው የታመመ ልጆች ሁሉ ወደ ውጭ አገር እስኪላኩ እንዳይጠብቁ ነው።

ወደ አሥራዎቹ ዕድሜ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ጎረምሳ ግፊት ብዙ ጊዜ የአባቱን ይመስላል፦ በዘር የመጣ፣ ክብደት የጨመረበት፣ ጨው ያባባሰው። ለፈተና ለማጥናት ብሎ የሚቅመው ጫትና የሚጠጣው ኃይል ሰጪ የተባለ የታሸገ መጠጥም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። «የእኛ ልጅ መዘምራን ውስጥ ነው፣ ጫት አያውቅም» የምትሉ ወላጆች፣ በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ጠይቁት፤ ምናልባት ትደነግጡ ይሆናል።

ጨው ግን የሁላችንም ነው። በጋሞና በወላይታ ቡና በጨው ይጠጣል፤ የቡናው ቅጠልም ሲፈላ ጨው ይገባበታል፤ ከእናት ጎን የተቀመጠው ልጅም በትንሽ ስኒ ይሰጠዋል። ዳጣውም ጨው አለው፣ ኩርኩፋውም ጨው አለው። እንግዳ ሲመጣ ጨው ማሳነስ ደግሞ ስስት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ ከጠዋቱ ቡና እስከ ማታው ወጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ። ለልጅ ከዚያም ያንሳል። ቡናውን ተዉ አንልም፤ የልጁ ስኒ ግን ጨው ሳይገባ ይቀዳ። ስትቀንሱም መጠኑን ቀንሱ እንጂ አዮዲን ያለውን ጨው ትታችሁ አዮዲን የሌለውን አትግዙ። ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው በእንቅርት ምክንያት ነው፤ የደጋው ሕዝብ ይህንን በደንብ ያውቀዋል።

ስለ ሽፈራው ትጠይቁናላችሁ። ጥሩ አትክልት ነው፣ ብሉት፣ ልጆቻችሁንም አብሉ። ግፊት እንደሚቀንስ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ፤ ይህ ግን ለታመመ ልጅ በመድኃኒት ምትክ ቅጠል ለመቀቀል አያበቃም። ስለ ሙዝም እንዲሁ። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ልጅ ሙዝ ደግ ምግብ ነው። ሽንቱ ለቀነሰና ኩላሊቱ ለተቆጣ ልጅ ግን በሙዝ ውስጥ በብዛት ያለው ፖታሲየም ከሰውነት ሳይወጣ ተከማችቶ የልብን ምት ሊያናጋ ይችላል። በሙዝ አገር ለታመመ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ሙዝ ነውና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ያዙት።

ወጣት ባለትዳሮችም ይህ ዓምድ ይመለከታችኋል። በመጀመሪያ እርግዝናዋ ላይ ያለች ወጣት ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ ፊቷ ካበጠ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ እንደ ልጁ ሁሉ በዚያው ቀን ግፊቷ ይለካ። እሷም ልትንዘፈዘፍ ትችላለች፤ ሁለት ነፍስ ነው ያለው።

አንድ ነገር ደግሞ ባልና ሚስት ዛሬ ማታ ተነጋግራችሁ ብትጨርሱት እንመክራለን። ልጅ ታሞ አባወራው ገበያ ወይም ማሳ ስለሆነ ብቻ እናት እጇን አጣምራ እስኪመጣ የምትጠብቅበት ቤት አለ። ገንዘቡ እሱ ኪስ ነው፣ ፈቃዱም እሱ ጋ ነው። ልጅ ፊቱ ካበጠ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከተንዘፈዘፈ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ እንደሚወስደው ተስማሙ፤ ለመኪና የሚሆን ጥቂት ብርም ሁለታችሁም በምታውቁት ቦታ ይቀመጥ።

ልጁ መድኃኒት ጀምሮ ከተሻለው በኋላ «ጌታ ፈውሶታል» ተብሎ ኪኒኑ የሚጣልበት ጊዜም አለ። ፈውስ ከሆነ መለኪያው ላይም ይታያል፤ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ይለካ፣ መድኃኒቱን የሚቀንሰውና የሚያቆመው የጀመረለት ሐኪም ይሁን። ምስክርነቱ ከዚያ በኋላ ቢሰጥ አይረፍድበትም።

ልጁ ድኖ ቤት ከገባ በኋላ ሽንቱ በዓይን ጠርቶ እያለ በምርመራ ደም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊታይበት ይችላል። ይህ ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ግን ቀጠሮውን አትዝለሉ። በየቀጠሮው ሁለት ነገር ይደረግለት፦ ግፊቱ በልጅ ካፍ ይለካ፣ ሽንቱ ይመርመር። ቁጥሮቹን ባለሙያው በካርዱ ላይ ከነቀናቸው እንዲጽፋቸው ጠይቁ፤ ካርዱንም መጽሐፍ ቅዱሳችሁና የመዝሙር መጽሐፋችሁ ካሉበት አታርቁት፤ በሌሊት ስትነሱ እንዳትፈልጉት።